ሕፃኑን ንጉሥ ይዤ ወደ ሆፕኪንስ

ከአሜሪካ ስመለስ የቀበና ጎረቤቶቼ አስቀድመው የጠየቁኝ ስለ ፎቁ ነው። ስንት ፎቅ አየህ? መንገዱ እውነት መስታወት ይመስላል? በረዶው እስከ የት ይደርሳል? ሁሉንም መልሻለሁ፤ ግማሹን አጋንኜ። እውነቱን ለመናገር ግን ሚኒሶታ የሄድኩት ፎቅ ልቆጥር አልነበረም። የሄድኩት ከሞተ ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው አንድ ሕፃን ንጉሥ ጉዳይ ስለነበረብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ኪዳኔ አዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ነበርን፤ እኔ ታሪክ፣ እሱ ጂኦግራፊ። ጡረታ ሳይታሰብ፣ ጸጉራችን ጥቁር ሳለ፣ ኢየሩሳሌምን ይዘው ስለነገሡት የመስቀል ጦረኞች የሚናገር አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አግኝተን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርን። ለእያንዳንዱ ንጉሥ አንድ ደብተር መደብን። ከሁሉም ቀጭኑ ደብተር የሕፃኑ ንጉሥ ነበር፤ ብቻውን የነገሠው አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነውና። ስሙ ከእሱ በፊት የነገሡ አራት ሰዎች የያዙት ስም ስለሆነ፣ አንባቢ እንዳይምታታበት እኔም እዚህ ሕፃኑ ንጉሥ እያልኩ አልፈዋለሁ። የእሱን ደብተር እኩሌታ እንዳደረስን ጦርነቱ ተነሣ።

ኪዳኔ ኤርትራዊ ነው። ከሚባረሩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ገባ። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበት ነበር፤ የቀረችው የሰባት ዓመት ልጁ ሰናይት ናት፣ የእሷ ስም ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የለም። ሊወስዱት ሲሉ በዋዜማው ልጅቷን እጇን ይዞ ቤቴ መጣና «ታደሰ፣ ይህችን አደራ» አለኝ። መጻሕፍትህን እይዛለሁ አልኩት። ደብተሮቹን እይዛለሁ፣ የቤትህን ቁልፍ እይዛለሁ፣ ልጅቷን ግን አልችልም አልኩ። የኤርትራዊ ልጅ ደበቀ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ነገ አንድ ነገር ብትሆን በእኔ እንዳይላከክ ፈራሁ። ጉሊት የሚሸጡ ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ልጅቷን አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ወሰዷት። ባለቤቴ ያን ሰሞን ወላጆቿ ዘንድ ገጠር ስለነበረች ይህን ጉድ የምትሰማው ከእናንተ ጋር እኩል ነው።

ሰናይት ኋላ አጎቷ ናይሮቢ ወሰዳት፣ ከናይሮቢ ሚኒሶታ ገባች፣ ነርስ ሆነች፣ አባቷን ከአሥመራ አስመጣች። ኪዳኔ ዓይኑን ስኳር ሲያደክምበት ስልክ ደውሎ «ና ንጉሡን እንጨርሰው፤ ዓይኔ ሳይዘጋ» አለኝ። የምሰነብተው በሰናይት ቤት ነው። ይቅርታ ሳልጠይቃት አርጅቻለሁና፣ ሻንጣዬ ውስጥ ከደብተሩ ጋር የያዝኩት ጭንቅ ይኸው ነበር።

ሰኞ። ባለቤቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ አሰረችው። ሁዳዴ ስለነበር አውሮፕላን ላይ የጾም ምግብ አስመዝግባልኝ ነበር፤ አስተናጋጇ ያመጣችልኝ ግን ፍራፍሬ ብቻ ነው። ጎኔ የተቀመጠው ጎልማሳ ዳቦውን አካፈለኝ። ለውለታው ስለ ሕፃኑ ንጉሥ ላጫውተው ስጀምር በማዳመጫው ጆሮውን ደፈነ። እኔ መቼም ሰው ካላስተማርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ማክሰኞ። ስንገባ የፓስፖርት ሹሙ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። በሠላሳ ዓመት የአስተማሪ እንግሊዝኛዬ፣ ቃል በቃል፣ ንጉሥ ልጨርስ ነው የመጣሁት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወንበር ያለበት ክፍል ወስደው ደብተሩን ገጽ በገጽ ገለጡት። ያ ሁሉ የአማርኛ ጽሑፍ ምንም ስላልነገራቸው አንድ የእኛው አገር ልጅ የሆነ የጽዳት ሠራተኛ ጠሩ፤ እሱ ሁለት መስመር አንብቦ «ታሪክ ነው፤ መምህር ናቸው» ብሎ አስለቀቀኝ። ሲሸኘኝ «ጋሼ፣ ሁለተኛ ቪዚት ብቻ ይበሉ» አለኝ።

ሰናይት ሻንጣ የሚለቀምበት ቦታ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች ነው። ረጅም ሴት ሆናለች፤ የእናቷን ግንባር ይዛለች። «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ ታደሰ» ብላ ሻንጣዬን ከእጄ ወሰደች። ኮቴን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ይሄ ኮት አይደለም» አለችና የባሏን ወፍራም ጃኬት ከመኪናው አውጥታ አለበሰችኝ። ባሏ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ በዚያ ሳምንት ቴክሳስ ነበር።

በመንገድ ላይ የጥያቄ ናዳ አወረድኩባት። ይህ ሐይቅ ነው ሜዳ? ሐይቅ ነው፣ አልቀለጠም። በሚያዝያ? አዎ። ያ ድልድይ ለምን መስታወት ለበሰ? ሰው ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲሄድ እንዳይበርደው። መልሷ ሁሉ ትክክል ነበር፣ ሁሉም ግን አጭር ነበር። እኔ ያን ማጠሩን እየመዘንኩ ሆፕኪንስ ደረስን። ሆፕኪንስ ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ ያለች፣ አፓርትመንት የበዛባት ትንሽ ከተማ ናት። ከቀበና ጋር ሳስተያያት ጸጥ ብላለች፤ ውሻ እንኳ በገመድ ታስሮ ነው የሚያልፈው።

ኪዳኔ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል። የሚያየው ጥላ ጥላ ስለሆነ ፊቴን በእጁ ዳሰሰ። «አፍንጫህ አድጓል» አለ። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። የሰናይት ልጅ ሶልያና ስምንት ዓመቷ ነው፤ መኝታ ክፍሏን ለእኔ ለቃ ከእናቷ ጋር ልትተኛ ተስማምታለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስበትም። «ዩ ካን ሃቭ ማይ ሩም፤ ባት ዶንት ታች ዘ ሌጎ» አለችኝ። ሌጎ የሚባለው የፕላስቲክ ጡብ ቁርጥራጭ መሆኑን ሌሊት ረግጬው አወቅሁ።

ረቡዕ። ሥራ ጀመርን። ድሮ ኪዳኔ ነበር እንግሊዝኛውን የሚያነብ፤ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ በእያንዳንዱ ቃል እንጣላለን። አሁን እኔ በማጉያ መነጽር አነባለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይተረጉማል፣ መጣላቱ ግን አልቀረም። የመጀመሪያው ቀን ሥራችን የዘውዱ ቀን ነበር። አጎትየው ንጉሥ በለምጽ ተይዞ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ እጁ አልታዘዝ ሲለው፣ የእህቱን ልጅ በሕይወት እያለ አነገሠው። ሕፃኑ ዘውድ ደፍቶ ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከሰው ሁሉ አንሶ እንዳይታይ፣ ከመኳንንቱ ሁሉ ረጅሙ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ወሰደው።

«ልክ እንደ ጥምቀት» አልኩ። ታቦት ሲያልፍ አባቶች ልጆቻቸውን የሚሰቅሉበት ትከሻ ትዝ አለኝ።

«በጥምቀት ልጁ ለማየት ነው የሚሰቀለው» አለ ኪዳኔ። «ይሄኛው ለመታየት ነው። አለቃው ማን እንደሆነ አስብ፤ የተሸከመው ሰውዬ ነው።»

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ የናፈቀኝ።

ከቀትር በኋላ ጎረቤታቸው ሊንዳ የምትባል አረጋዊት ነጭ ሴት በር አንኳኳች። እንግዳ መምጣቱን በመስኮት አይታ ኖሮ ከምድጃ የወጣ ትልቅ ሳህን ይዛለች፤ ከላይ የድንች ጥብስ፣ ከሥሩ የተፈጨ ሥጋ። እኛ አገር እንግዳ መጣ ሲባል ጎረቤት እንጀራ እንደሚልክ ሁሉ እዚህም ይህን ይልካሉ። በሁዳዴ ሥጋ! ሰው ያመጣውን መመለስ ነውር፣ መብላት ኃጢአት። ዘወር ብዬ ኪዳኔን ባየው ማንኪያ ይዟል። «እኔ በሽተኛ ነኝ፤ የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል» አለ። ሊንዳ ቆማ ስትጠብቅ እኔ ከላይ ከላይ ድንቹን ለቀምኩ። ድንቹ በቅቤ መጠበሱን ሰናይት የነገረችኝ ሊንዳ ከሄደች በኋላ ነው፤ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ሳቀች።

ሐሙስ። የምፈራው ገጽ ደረሰ። ድሮም ያቆምነው እዚያ ላይ ነበር።

ነገሩ ይህ ነው፤ ሕመምተኛው ንጉሥ ሊሞት ሲል አገሩን የሚያስተዳድርለት ሰው ፈለገና አንድ ትልቅ መስፍን ጠራ። መስፍኑ መንግሥቱን እይዛለሁ፣ እንደራሴ እሆናለሁ አለ። ሕፃኑን ግን አልይዝም አለ። ልጁ በእጄ ቢሞት ገደለው እባላለሁና ሌላ ሰው ያሳድገው ብሎ በፊርማ አስጸና። ሕፃኑ ለእናቱ አጎት ተሰጥቶ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ወደ አኮ ተላከ።

እንግሊዝኛውን አንብቤ ጨረስኩ። ኪዳኔ ዓይኑን እንደጨፈነ አማርኛውን ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ ጻፍኩ።

«ብልህ ሰው ነበር» አልኩ። «አስበው እስቲ፤ ጠላት ነበረው። ልጁ በእጁ ቢታመምስ?»

«ብልህ ነበር» አለ ኪዳኔ። «ሕፃኑ ግን ሞተ።»

ደብተሩን ዘጋሁት። «ኪዳኔ፣ ይቅር በለኝ» አልኩ። ሃያ ምናምን ዓመት የፈጀብኝ ቃል ስትወጣ እንዲህ አጭር ናት።

«እኔማ አሥመራ ገና ሳልደርስ ይቅር ብዬሃለሁ። አውቶቡስ ላይ ሆኜ አንተን እያሰብኩ ልበድ? እሷን እያሰብኩ ነው የሄድኩት።» ወደ ኩሽናው በኩል አገጩን ቀሰረ፤ ሰናይት ለአዳር ሥራዋ ምግብ እየቋጠረች ነበር። «ቦርሳዋን ይዛ በርህ ላይ የቆመችው እሷ ናት። እኔን ለቀቅ አድርገኝና እሷን ጠይቅ።»

«ታውቃለች?»

«ምን ላውቅ! እኔ አንድም ቀን አላነሣሁባትም። እሷም አላነሣችብኝም።»

ዓርብ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩና እንደ አገራችን ወግ ልጠይቃት ወሰንኩ። የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የተበደለው ይቅር ለእግዚአብሔር እስኪል ይቆማል። ጠዋት ኪዳኔን ሳማክረው ሳቁ አስሳለው። «ታደሰ፣ በዚህ አገር ድንጋይም ባለቤት አለው!» አለኝ። አልሰማሁትም። የታሪክ አስተማሪ ወግ ካላከበረ ማን ሊያከብር ነው?

ሰናይት የአዳር ሺፍቷን ጨርሳ የምትመጣው በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቀድሜ ወረድኩ። ከአፓርትመንቱ ፊት ለፊት ቁጥቋጦ በተተከለበት ቦታ ዙሪያ ክብ ክብ ድንጋይ ተደርድሯል፤ በረዶው ቀልጦ ጎልቶ ይታያል። አንዱን መረጥኩ፤ ድፎ ዳቦ ያህላል፣ ክብደቱ ግን ሌላ ነው። እስከ ጉልበቴ አነሣሁት፣ ከዚያ በላይ እምቢ አለኝ። በዚህ መካከል የሕንጻው ጥገና ሠራተኛ፣ ኮፍያ ያደረገ ወፍራም ሰው፣ መጥቶ «ካን አይ ሄልፕ ዩ፣ ሰር?» አለኝ።

ይህ አነጋገር እዚያ አገር «ምን ልትሠራ ነው» ማለት ጭምር መሆኑን ኋላ ነው የነገሩኝ። እኔ ሊረዳኝ የፈለገ መስሎኝ «ፕሊስ» ብዬ አንገቴን አሳየሁት። ሰውየው ለአፍታ አየኝ፤ ግራ እንደገባው ያስታውቃል። ግን ደግ ነው፤ ድንጋዩን አንሥቶ በቀስታ ማጅራቴ ላይ አስቀመጠልኝና እንዳይወድቅ በአንድ እጁ ደገፈው። እንዲህ ሁለታችን ቆመን ሳለ የሰናይት መኪና ገባ።

ከመኪናዋ ወርዳ ስታየኝ ባለችበት ደረቀች። ሰውየው ድንጋዩን ወዴት እንደምንወስደው ጠየቃት።

«ሰናይት» አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ። «የዚያን ቀን አባትሽ ይዞሽ ሲመጣ መጽሐፉን ተቀብዬ አንቺን መለስኩ። ፈርቼ ነው። ለራሴ ፈርቼ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

የሚሰማው የመኪናዋ ሞተር ብቻ ነበር፤ ማጥፋቱን ረስታዋለች። የድንጋዩ ቅዝቃዜ በአንገቴ ወደ ጀርባዬ ወረደ። እኔ የምጠብቀው ያቺን አንዲት ቃል ነው።

«ጋሼ፣ አንገትዎን ይጎዱታል፤ ያውርዱት» አለች። ለሰውየው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ነገረችው፤ ድንጋዩን ከላዬ አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰውና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። «አዳሬን ቆሜ ነው ያደርኩት፤ ልተኛ» አለችኝና ገባች።

ይቅር ለእግዚአብሔር አላለችም። አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ መሐል ገብቶ ያግባባ ነበር፤ እዚህ ሽማግሌው እኔው ራሴ ነኝ።

ቅዳሜ። ሰናይት ቁርስ አቀረበችልኝ፣ ጃኬቱን እንድለብስ አስታወሰችኝ፣ ስለ ዓርቡ ግን ትንፍሽ አላለችም። እኛ ንጉሡን ልንገድለው ተቀመጥን። ከሞቱ በፊት ያለው ገጽ ስለ ድርቅ ነው፤ በዚያች አጭር ዘመን ዝናብ ቀርቶ እህል ስለጠፋ ከሱልጣኑ ጋር የእርቅ ስምምነት ተደረገ። ከዚያ በሁለት መስመር ሕፃኑ አኮ ላይ ሞተ። ስምንት ዓመት ከምናምን ቢሆነው ነው። እንደፈራው፣ ያ ብልህ መስፍን ልጁን ሳይዝም ከሐሜት አልዳነም፤ መርዘውት ይሆናል የሚሉ ጸሐፊዎች እሱንም ጠርጥረውታል። አስከሬኑ ኢየሩሳሌም ተወስዶ በአጎቶቹ መቃብር አጠገብ ተቀበረ፤ ከሁሉም ያማረ የእብነ በረድ መቃብር ተሠራለት ይላል መጽሐፉ።

ሶልያና ጠረጴዛው ሥር ሌጎዋን እየገጣጠመች ስታዳምጥ ኖራ ብቅ አለች።

«ሁ ዋዝ ዊዝ ሂም?» አለች። ሲሞት አብሮት ማን ነበር ማለቷ ነው።

ፈለግሁ። አልተጻፈም።

«ዲድ ሂ ላይክ ቢይንግ ኪንግ?»

መንገሡን ወዶት እንደሆነም አልተጻፈም። ነገሩ ከነከነኝና ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ገለጥኩት። ማን እንዳነገሠው አለ፣ ማን እንደተሸከመው አለ፣ ማን እንደያዘውና ማን አልይዝም እንዳለ አለ። ሕፃኑ እንዲህ አለ የሚል ግን አንድ መስመር የለም። ስንትና ስንት ዓመት ታሪክ ሳስተምር ይህን አንድም ቀን አስተውዬ አላውቅም።

«ኪዳኔ፣ ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም እኮ» አልኩት።

«ማን ጠይቆት?» አለ።

ሰናይት ኩሽና ሆና ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። የቢላዋው ድምፅ ቆም ብሎ ቀጠለ።

እሑድ። ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከነጮች የተገዛ ሕንጻ ስለሆነ ወንበር የተደረደረበት ነው፤ መቋሚያዬን ተደግፌ መቆም የለመድኩት ሰው ቁጭ ብዬ ማስቀደስ ስንፍና መስሎ ተሰማኝ፣ ከዚያ ወገቤ ወደደው። ከቅዳሴ በኋላ ሰናይት ምሳ ልጋብዛችሁ ብላ ሲዋርድ ወደሚባል የሚኒያፖሊስ ሰፈር ወሰደችን። በያይነቱው ከአዲስ አበባው በሽንብራ አሳ ይበልጣል፣ በጎመን ያንሳል። ከፈለች እንጂ አላስከፈለችኝም፤ ብለምናትም።

ስንመለስ ኪዳኔና ሶልያና መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሰናይት አንድ ሐይቅ ዳር አቁማ «ትንሽ እንራመድ» አለችኝ። በረዶው ከዳር ዳር ቀልጦ ጥቁር ውኃ ይታያል፤ መሐሉ ገና ነጭ ነው። መቼ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀልጥ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና፣ ለአንድ ቀን እንኳ ዝም ልበል ብዬ ዘጋሁት።

«ውሻ ነበረዎት» አለችኝ።

«ነበረኝ። መቻል።»

«በጣም ነበር የምፈራው። አባዬ ወደ እናንተ ቤት እየወሰደኝ ሳለ፣ አምላኬ እዚያ እንዳያሳድረኝ እያልኩ ነበር የምጸልየው። እርስዎ እምቢ ሲሉ እኔ በጣም ደስ አለኝ።» ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ። «እማማ ዘነበች ቤት ሲመሽ ነው የገባኝ። አባዬ መሄዱ፣ እርስዎ ደግሞ አልፈልጋትም ማለትዎ። ከዚያ በኋላ ሰው ቤት ስገባ ሁሉ ቦርሳዬን ከእጄ አላስቀምጥም ነበር። ናይሮቢም፣ እዚህም፣ ብዙ ዓመት።»

«ልጄ...»

«ቆይ ልጨርስ፣ ጋሼ። ትናንት ስለ ልጁ ሲያወሩ እየሰማሁ ነበር። እኔንም እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ አባዬም እንዳላለቅስበት ፈርቶ ነው መሰለኝ። አሁን ተናገርኩ። በቃ።»

ጠየቅኋት። እማማ ዘነበች ምን ያበሏት እንደነበር፣ የት እንደምትተኛ፣ ትምህርት ቤት ማን እንዳደረሳት፤ ደረጃ በደረጃ ሁሉን ጠየቅሁ። በዚያ ጉዞ ከጠየቅሁት ሁሉ ዋጋ የነበረው ይኸኛው ብቻ ነው። የሐይቁን ዙሪያ እኩሌታ ሄደን ብርዱ መለሰን። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም፤ እኔም ያን ቃል ደግሜ መለመን አፍሬ ተውኩት።

ሰኞ። ልመለስ አምስት ቀን ቀርቶኛል። ጠዋት ሰናይት አባቷን ለዓይኑ ቀጠሮ ሴንት ፖል ወሰደችው። እኔ ብቻዬን ደብተሩን እየገለበጥኩ ሳለ ሰማዩ ጠቆረና በሚያዝያ መጨረሻ በረዶ ያወርደው ጀመር፤ የቀበናን የክረምት ዝናብ የሚያህል፣ ግን ድምፅ የሌለው። በአምስት ሰዓት ተኩል ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ስኩሉ በስኖው ምክንያት ኧርሊ ሊዘጋ ነው። ከትምህርት በኋላ የምትቆይበትንም ፕሮግራም ካንስል አድርገውታል። እኛ ሀይዌይ ላይ ተይዘን ቆመናል፤ መኪና ተጋጭቶ መንገዱ ተዘግቷል። ሶልያናን ፒክ አፕ ያደርጉልኛል?»

«እኔ?»

«በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ፓስፖርትዎን ይያዙ።» አድራሻውን ነገረችኝና ስልኩ ተቋረጠ።

ጃኬቱን ለበስኩ። አንድ ጊዜ ወደቅሁ፣ አንድ ጊዜ መንገድ ሳትኩ፤ የፖስታ መኪና የሚነዳ ሰው መስኮቱን አውርዶ አቅጣጫውን አሳየኝ። እኛ አገር ትምህርት ሲለቀቅ ልጅ በር ላይ ይፈስሳል፣ የመጣ አክስት፣ የመጣ ጎረቤት ይዞ ይሄዳል። እዚህ በሩ ተቆልፏል። ደወል ደውዬ፣ በካሜራ ታይቼ፣ ቢሮ ገባሁ። የቢሮዋ ሠራተኛ የልጅቷን ስም ስነግራት ፈገግታዋን ሳትቀንስ፣ ልጅ የሚሰጠው ወላጆቿ በዝርዝር ለጻፉት ሰው ብቻ ነው አለችኝ። ዝርዝር የሚለውን ቃል ስሰማ የኪዳኔ ስም የገባበት ያ ዝርዝር ትዝ አለኝ። ፓስፖርቴን ወስዳ ስሜን ከኮምፒውተሩ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየች።

«ዩ አር ሂር» አለች። «ግራንድፓረንት፣ ራይት?»

ስሜ አለ፤ ሰናይት አያት ብላ አስጽፋኛለች። መኪናዋ ውስጥ ሆና አሁን ደውላ አስጽፋኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ጠባዬ ሆኖ ግን ሳልጠይቅ መሄድ አልቻልኩም። ስሜ የገባው ዛሬ ነው ወይ አልኳት።

ሴትየዋ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። አይ፣ አለችኝ፣ ዛሬ አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው የተጻፈው።

ማክሰኞ ጠዋት እኔ ገና አየር ላይ ነበርኩ። ድንጋዩን አላነሣሁም፣ ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ ፊቷን እንኳ አላየሁም።

ወረቀቱ ላይ ፈርም ስትለኝ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ መስመሩን ስቼ ፈረምኩ፤ ሴትየዋ አልተቆጣችኝም። ሶልያና ኮቷን ሳትቆልፍ ከኮሪደሩ ብቅ አለች። እናቷን ጠብቃ ኖሮ እኔን ስታይ ትንሽ ደነገጠች፣ ከዚያ «ሃይ» አለች። ጎንበስ ብዬ ቁልፎቿን አንድ በአንድ ዘጋሁ። ውጭ በረዶው መንገዱን ሸፍኖታል። እጇን ስይዛት «አይ ካን ዎክ ባይ ማይሰልፍ» አለችኝ። ብቻሽን መሄድ እንደምትችይ አውቃለሁ አልኳት፣ በአማርኛ፤ እስከ ቤቷ በር ድረስ ግን እጇን አልለቀቅሁም።